ማሽን ጠይቆ የማይደርስበት

ባሕር ዳር ያሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ላነሷቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማሽን እንዳሻው ከጠየቀ የማይማረው ነገር አለ?

መልስ፦ አማራጩ ውስን ከሆነና ጊዜ ካልገደበው የለም። ጣጣው ጊዜ ነው። ከጣና 37 ደሴቶች አንዱን በልቤ ይዣለሁ እንበል። «በሐይቁ ደቡብ በኩል ነው?» እያልክ በየጥያቄው አማራጩን በግማሽ ከቀነስክ 6 ጥያቄ ይበቃሃል። «ደቅ ነው? ክብራን ነው?» ብቻ እንድትል ከተፈቀደልህ ግን፣ ዕድል ከጠመመብህ 36 ጊዜ ትጠይቃለህ። 36 እንኳን ይቻላል። 40 ዜሮና አንድ የተደረደሩበት ቁልፍ ሲሆን ግን አማራጩ ከ1 ትሪሊዮን ይበልጣል፤ እያንዳንዱ «አይደለም» የሚሰርዘው አንዱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ዳና አንግሉዊን እ.ኤ.አ. በ1987 ይቻላል ያሉት ምኑን ነው?

መልስ፦ ፊናይት አውቶማታን መማር፤ ይህ ውስን ሁኔታዎች ያሉት፣ የምልክቶች ድርድር (ቃል) እያነበበ የሚቀበል ወይም የማይቀበል ቀላል ማሽን ነው፤ የሚቀበላቸው ቃላት ስብስብ ቋንቋው ይባላል። ለተማሪው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ፈቀዱለት። አንደኛው «ይህ ቃል ከቋንቋው ነው?» የሚል ነው። በሁለተኛው ተማሪው የገነባውን አውቶማታ አቅርቦ «ይህ ነው?» ይላል፤ ካልሆነ መምህሩ ሁለቱ የሚለያዩበትን አንድ ቃል ያሳየዋል። ሁለቱም ካሉ ሥራው በፖሊኖሚያል ጊዜ፣ ማለትም ችግሩ ሲያድግ ከልክ በላይ በማይፈነዳ ጊዜ፣ ያልቃል። የመጀመሪያው ብቻ ከተፈቀደለት ያ ባለ 40 ዜሮና አንድ ቁልፍ ያንቀዋል፤ ቁልፉን የሚያውቀው አውቶማታ ደግሞ 42 ሁኔታዎች ብቻ ያሉት ትንሽ ነገር ነው! ሁለተኛው ብቻውን እንደማይበቃም ራሳቸው በ1990 አረጋገጡ። ሰው የሚያወድሰው የ1987ቱን ነው፤ እኔ የ1990ው ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ነጠላ ምሳሌ ቀርቶ አማካይ ውጤት ብቻ ብጠይቅስ?

መልስ፦ ጥሩ አነሳሽው፤ ይህ የተመራማሪው የማይክል ከርንስ ሞዴል ነው፤ መምህሩ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ ሳያሳይሽ፣ የጠየቅሽው ነገር ከምሳሌዎቹ በስንት እጁ እውነት እንደሆነ በግምት ብቻ ይነግርሻል። ከዜሮና አንድ ረድፍ ውስጥ በምስጢር የተመረጡ ቦታዎች ተደምረው ድምሩ ተጋማሽ መሆን አለመሆኑ ብቻ ይነገርሻል እንበል። ስህተት የሌለባቸው ምሳሌዎች በቂ ካሉሽ ጉዳዩ ተራ የእኩልታ ሥራ ነው፤ ቦታዎቹን አውጥተሽ ታስቀምጫለሽ። በአማካይ ግን አይሆንም። ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ከሁሉም ረድፎች በትክክል በግማሹ ይስማማሉ። አማካዩ ጥቂት መዛነፍ ስለሚፈቀድለት መምህሩ ለሁሉም ያው መልስ ቢሰጥሽ አልዋሸም፤ አንቺም ከሞላ ጎደል ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ረድፉ በረዘመ ቁጥር የሚያስፈልገው ጥያቄ እጥፍ ድርብ እየሆነ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ምንም ሳይጠይቅ፣ በዘፈቀደ ከመጣለት ምሳሌ ብቻ አውቶማታ ቢማርስ?

መልስ፦ ከርንስና የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ቫሊያንት መልሰውታል፦ በፍጥነት የሚችል ቢገኝ አር ኤስ ኤ የተባለው የምስጢር መቆለፊያም ይሰበር ነበር።