መጽሐፉ ከመደርደሪያው ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያመጣው ልብ ወለድ ስለ ወላጆች ፍቺ ይተርካል። ባለቤቴ መጽሐፉ እንዲነሣ ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ልጻፍ ይላል፤ እኔ ግን ልጁ አንብቦ እንዲጨርሰው እፈልጋለሁ። የማንኛችን ሐሳብ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እዚህ ላይ ሁለት ውሳኔዎች ተቀላቅለዋል፤ አንደኛው ልጃችሁ ምን ያንብብ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌሎች ሰዎች ልጆች ምን ያንብቡ የሚል ነው። የመጀመሪያው በአመዛኙ የእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 5 ወላጆች ልጃቸውን እንደ ዕድገቱ የመምራት ኀላፊነትና መብት እንዳላቸው ሲያስቀምጥ፣ በአንቀጽ 17 ደግሞ መንግሥታት የሕፃናት መጻሕፍት እንዲዘጋጁና እንዲሠራጩ እንዲያበረታቱ ይጠይቃል። ደብዳቤው ሁለተኛውን ውሳኔ የሚነካ በመሆኑ፣ ባለቤትዎ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ ባይጽፉት እመርጣለሁ (በእንዲህ ዓይነቱ ክርክር አጥብቆ የሚሟገተው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ የተመለከተ ሰው መሆኑን ታዝቤአለሁ)። ሁለታችሁም ካነበባችሁት በኋላ ቅሬታው ካልበረደ፣ መጽሐፉ ለየትኛው ክፍልና በማን እንደተመረጠ መጠየቅ ይቀድማል፤ የግዴታ ንባብ ከሆነም ለልጃችሁ ብቻ ምትክ እንዲሰጠው ማመልከት ይቻላል። ከእጁ መንጠቅን ግን አልመክርም። ለመሆኑ፣ ታሪኩ አስፈርቶት እንደሆነ ልጁን ጠይቃችሁታል? በደብዳቤዎ ውስጥ የእርሱን ሐሳብ አላገኘሁትም።