የኤክስፒው ሲዲ ፋይሎቹ ሁሉ ተገልብጠው ለምን ቡት አያደርግም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የክሊኒካችሁ የላብራቶሪ ማሽን የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የኤክስፒው ዋና ሲዲ ተጫጭሯል። ጨርሶ ሳይበላሽ ብለሽ በውስጡ ያለውን ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ገለበጥሽ፣ ከዚያ ባዶ ሲዲ ላይ ጻፍሽው (በርን አደረግሽው)። ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድሉ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ከአዲሱ ሲዲ አልነሳም (ቡት አላደርግም) አለ። አንድ ወንድማችን ደግሞ «እኔ ፋይሉን ብቻ ገልብጬ ሠርቶልኛል» ብሎሻል።

እሱ እውነቱን ነው። ያንቺም ሲዲ አለመነሳቱ የሚጠበቅ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እኔን ዋጋ አስከፍሎኛል።

በ2004 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የአንድ ድርጅት የደመወዝ መሥሪያ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ መጣ። ዋናው ሲዲ ጠፍቷል። እኔ ግን ከዓመት በፊት ገልብጬ፣ በላዩ «ኤክስፒ ኮፒ» ብዬ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነበረኝ። ተማምኜ አስገባሁት። ዝም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ አሉ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሌላ ሲዲ የተገኘው በማግስቱ ከሰዓት ነው፤ ሠራተኞቹም ደመወዛቸውን ዘግይተው ወሰዱ። ያን ቀን ሲዲውን ገልብጬ እንኳ አንድ ጊዜ አለመሞከሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ችግሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ገና ዊንዶውስ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስነሻ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ፎልደርና ፋይል አያውቅም። የሚያውቀው ቦታ ነው። ሲዲ እያንዳንዳቸው 2048 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች የተከፋፈለ ነው። ባዮሱ በቀጥታ ሴክተር 17 ላይ ይሄዳል። እዚያ አንድ መዝገብ ያገኛል፤ መዝገቡ «የመነሻው ኮድ እዚህ ቦታ ነው» ብሎ ይመራዋል። ይህ አሠራር ኤል ቶሪቶ ይባላል፤ ፊኒክስና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ደንብ ነው። እንግዲህ አንቺ ሲዲውን ከፍተሽ ሁሉንም መርጠሽ ስትገለብጪ፣ ያ መዝገብና በኤክስፒ ሲዲ ላይ ያለው የመነሻ ኮድ ከፋይሎቹ ዝርዝር ውስጥ ስለሌሉ አብረው አይመጡም። ዕቃውን ሁሉ ወስደሽ የበሩን ቁልፍ እንደመርሳት ነው።

ወንድማችን የሠራለት ግን ሌላ ነገር ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች በባዮስ ፈንታ ዩኢኤፍአይ አላቸው። እሱ ፋይል ማንበብ ይችላል። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ «ኢኤፍአይ» ከዚያም «ቡት» የሚል ፎልደር ገብቶ የታወቀ ስም ያለውን ፋይል ይፈልጋል። ስለዚህ ዊንዶውስ 8ን ወይም 10ን ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ብቻ ሊነሳ ይችላል። እዚያም ቢሆን ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ትልቁ የመጫኛ ፋይል ከዚያ ካለፈ እንቢ ይላል። ያንቺ ማሽን የባዮስ ዘመን ነው። ምክሩ ላንቺ አይሠራም።

መፍትሔው ፋይሉን ሳይሆን ሲዲውን ራሱን፣ ከመጀመሪያ ሴክተር እስከ መጨረሻ፣ ወደ አንድ የአይኤስኦ ፋይል (የሲዲው ሙሉ ቅጂ ወደሆነ ፋይል) መቅዳት ነው። እኔ ኢምግበርን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። «ክሪኤት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» የሚለውን ትመርጪያለሽ፣ ማስቀመጫ ቦታ ትሰጪዋለሽ፣ በቃ።

ያንቺ ሲዲ የተጫጫረ ስለሆነ ግን እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ። መጀመሪያ ወደ መብራት አንስተሽ በውስጡ እይበት። ብዙ ሰው የሚሳሳው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። መረጃው ያለው ግን ጽሑፍ በተጻፈበት ጎን፣ ከስስ ቀለሙ ሥር ነው። ከታች በኩል ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ይከላከልለታል፤ ከላይ በኩል ግን እስክሪብቶ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። ብርሃን በቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ እዚያ ቦታ ያለው መረጃ ጠፍቷል። ጭረቱ ከታች ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጊው፣ በክብ አይደለም። የማንበቢያ ፍጥነቱን ቀንሺ። አልነበብ ካለሽ ሌላ ድራይቭ (የሲዲ ማንበቢያ) ሞክሪ፤ አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሴክተር ሌላው ሲያነብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሲዲው የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ፈጣን ድራይቭ ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ውስጡ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ፕሮግራሙ ማንበብ ያቃተውን ዝለል የሚል አማራጭ ይሰጥሻል። አትዝለዪ። የዘለልሽው ቦታ ባዶ ሆኖ ይገባና ኮፒው ያለቀ ይመስላል። መጫኑ መሃል ላይ ሲደርስ «ይህ ፋይል ሊገለበጥ አልቻለም» ብሎ ይቆማል።

አይኤስኦው ከተገኘ በኋላ መጻፉ ቀላል ነው። የኤክስፒ ሲዲ 700 ሜጋባይት በሚይዝ ባዶ ሲዲ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ፣ የአይኤስኦውን ፋይል እንደ ፎቶ ጎትቶ ሲዲው ላይ መጣል ነው። በርን ካደረግሽ በኋላ ሲዲውን ስትከፍቺ አንድ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ካየሽ ተሳስተሻል ማለት ነው። ኢምግበርን ላይ «ራይት ኢሜጅ ፋይል ቱ ዲስክ» የሚለውን ምረጪ፣ «ቬሪፋይ» የሚለውን ሳጥንም ምልክት አድርጊበት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ በላይ ካለሽ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ በቀጥታ መጻፍ ትችያለሽ። ፍጥነቱን 16 ላይ አድርጊው። ደግሞ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ሳይሆን አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን ሲዲ ግዢ፤ ደጋግሞ የሚጻፍበት የሚመልሰው ብርሃን ደካማ ስለሆነ አንዳንድ አሮጌ ድራይቮች አያነቡትም። መብራት የሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆናችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሥሪ፣ መሃል ላይ ከጠፋ ያ ሲዲ ተጣለ። ስሙን ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር ጻፊበት፤ ወረቀት አትለጥፊበት።

አሁን ወደ ሙከራው። ይህን እኔ ያልሠራሁትን ሥራ እባክሽ ሥሪ። ላብራቶሪው ሥራ ከጨረሰ በኋላ ሲዲውን በዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ አስገቢ፣ በሌላ አይደለም፤ አዲስ ድራይቭ ያነበበውን የደከመ ድራይቭ ላያነበው ይችላል። ባዮሱ መጀመሪያ ከሲዲ እንዲነሳ አድርጊ። «ፕሬስ ኤኒ ኪ ቱ ቡት ፍሮም ሲዲ» ሲል አንድ ቁልፍ ንኪ። ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና ጥቂት ደቂቃ ፋይል ይጭናል። «ዌልካም ቱ ሴትአፕ» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ኤፍ 3ን ተጫኚ። ይወጣል፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ አንዳች አይነካም። እዚያ ገጽ ላይ ከደረስሽ ኮፒሽ ይነሳል ማለት ነው። ኢንተር እንዳትነኪ ብቻ ተጠንቀቂ።

ሲዲው ብቻውን ዊንዶውስ አይጭንልሽም፣ 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍም ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ካለ ሳይደበዝዝ ፎቶ አንሺውና ከሲዲው ጋር አስቀምጪ። ከሌላ ዓይነት የኤክስፒ ሲዲ የመጣ ቁልፍ ብዙ ጊዜ አይቀበልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲዲው ኤክስፒን ይመልስልሻል። የላብራቶሪ ማሽኑን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን (ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) እና ማስተካከያውን ግን አይመልስም። ሐኪሙ ውጤት ሲጠብቅ ዋናው ነገር ያ ነው። ስለዚህ ሲዲውን ከጨረስሽ በኋላ ክሎንዚላ በሚባለው ነፃ መሣሪያ የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (ቅጂ) ውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ለአሮጌ ኮምፒውተር 32 ቢት የሚደግፈውን ዕትም ውሰጂ። ምንጩንና መድረሻውን ስትመርጪ የዲስኮቹን መጠን ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ ከተገላበጠ ሁሉንም ያጠፋዋል። አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ሲሞት፣ ተመሳሳይ ወይም ተለቅ ያለ መጠን ያለው ዲስክ ገዝታችሁ ኢሜጁን መልሳችሁ ሥራ ትቀጥላላችሁ። ኮምፒውተሩንም ከኢንተርኔት ንቀሉት፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ነው።

ኢምግበርን ማንበብ ካቃተው የቆመበትን የሴክተር ቁጥር ይጽፍልሻል። ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ፣ የሲዲውንም የሁለት ጎን ፎቶ አያይዢ፤ ማታ ማታ ስለምገባ አየዋለሁ።