ቀለሃው ምን ይሠራ ነበር?

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። ሰሞኑን አንድ ተለማማጅ የውሃ ፓምፕ ፈትቶ ስስ ሮንዴላ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ብትቀርስ?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። መልሴ ግን ረዘመ።

ለጎንደሬ ስለ ጥይት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እርሳስ፣ ባሩድ፣ ሁለቱን የሚይዘው የናስ ቀለሃ። ተተኩሶ ሲያበቃ ቀለሃው መሬት ላይ ይቀራል። ይከብዳል፤ ናሱም ውድ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ ጠመንጃ ሠሪ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ይህንኑ አሰበ። ከፈንጂና ባሩድ ሠሪው ዲናሚት ኖቤል ጋር ሆኖ ጂ11 ለተባለው ጠመንጃ 4.73 ሚሊሜትር ጥይት ሠራ። ባሩዱ ራሱ ተጠቅጥቆ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ፤ እርሳሱ መሃሉ ተቀበረ። ቀለሃ የሚባል ነገር የለም። ክብደቱ ከተለመደው 5.56 ጥይት ግማሽ አይሞላም።

ጉዱ የመጣው ተኩሱ ሲበዛ ነው። ለካ ናሱ ማቀፊያ ብቻ አልነበረም። ባሩዱን ከጋለው ብረት ይለየዋል፤ ተስፈንጥሮ ሲወጣም ሙቀት ይዞ ይወጣል። እሱ ሲቀር ጥይቱ ማንም ቃታ ሳይስብ በራሱ ይተኮስ ጀመር።

አትሳቁ፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። በወጣትነቴ አዘዞ የአንድ ወፍጮ ሞተር ስጠግን ማራገቢያው ተሰብሮ ይንኳኳ ነበር። «ያለሱም ይዞራል» ብዬ አወጣሁት። እውነትም ዞረ፤ ድምፁ እንዴት ደስ ይል ነበር! ከሰዓት ላይ ሽታው መጣ። ሽቦው ተቃጥሏል። ጤፍ ተሸክመው የተሰለፉ እናቶች እያዩኝ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማሠሪያውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ትርፍ ሲመስላችሁ ሥራ ፈትቶ ሳለ አትፍረዱበት። ሲግልስ? ሲጫነውስ? ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ነገር አትሞክሩ ማለቴ ግን አይደለም። ጀርመኖቹ እኮ ተስፋ አልቆረጡም፤ ሙቀት የሚችል ሌላ ባሩድ አምጥተው ችግሩን በእጅጉ ቀነሱት። ከዚያ በ1990 (እ.ኤ.አ.) አገራቸው ተዋሃደች፣ በጀቱም ወደዚያው ዞረ። ጥይቱ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። እንዲህም ያጋጥማል፤ የእጃቸው ጥፋት አልነበረም።

የሮንዴላዋን ነገር ለልጁ አልነገርኩትም። አውጥተን አስቀመጥናትና ፓምፑን አስነሣን። ጎኑ ተቀምጠን እስኪግል ጠበቅን።