እንጦጦን በእግር ወጥቶ በታክሲ መውረድ

ስለ ተራራ ጉዞ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ናቸው። ጥቂቶቹን አሳጥሬ እነሆ።

ዱላ ብይዝ "ሸመገለ" አይሉኝም ወይ? (የ61 ዓመት ሰው፣ ከፒያሳ)

ቢሉዎትስ? 61 ዓመት እኮ ነው። እንዲያውም ሁለት ይያዙ።

ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ እርጅና ነው?

ጠያቂው የአራት ኪሎ አባት ናቸው። ዘንድሮ ጡረታ ወጥተዋል። ልጆቻቸው ጥር ላይ ራስ ዳሸን ሊወስዷቸው አስበዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ይወጣሉ፣ ትንፋሽ አይቸግራቸውም። ችግሩ መውረዱ ላይ ነው።

እርጅና ብቻ አይመስለኝም፤ ቁልቁለት አልለመዱም። እኔም ደርሶብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጦጦን በእግሬ እየወጣሁ በታክሲ ስወርድ ኖሬያለሁ። ላቤን ጠርጌ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ሰሜን ተራሮች ሄድኩ። ቧሂትን እንደምንም ወጣሁት። ከወረድኩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት አቃተኝ፤ የተነሳሁት በሩን ይዤ ነው። አዲስ አበባ ስመለስም የቤቴን ደረጃ ፊቴን አዙሬ፣ ወደ ኋላዬ ነው የወረድኩት። ጎረቤት አይቶ ዝም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ስንወርድ ደግሞ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፤ የመኪና ፍሬን በሉት። ጡንቻን ይበልጥ የሚጎዳው ይሄ ፍሬንነቱ ነው። ሕመሙም የሚብሰው ዕለቱን ሳይሆን በማግስቱና ከዚያ በኋላ ነው። ደግነቱ ጡንቻ ቶሎ ይማራል፤ በልኩ ከለመደ ለሚቀጥለው ቁልቁለት ይዘጋጃል። ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል፣ እውነት ነው፤ ግን በ60ም በ70ም ሲያሠሩት ይጠነክራል። ጅማት ነው ቀርፋፋው፤ ወራት ይፈልጋል። ለጥር ጉዞ ታኅሣሥ ላይ አይጀመርም።

ስለዚህ ታክሲውን ይተዉት። መጀመሪያ ግማሹን መንገድ፣ ከሳምንታት በኋላ ሙሉውን ይውረዱ። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ ሽቅብ ይሮጣል፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ እግርዎን ሦስት ድረስ እየቆጠሩ ያሳርፉ። እንጦጦ ላይ ደግሞ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እግር ይዩ። እርምጃቸው አጭር ነው። ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ ይላል። እንደኛ ተረከዛቸውን አይወረውሩም። ከነሱ የተሻለ አሠልጣኝ በገንዘብ አላገኘሁም። ጉልበቱ ካበጠ ሐኪም ያሳዩ፣ ያው የታወቀ ነው።

የግፊት ኪኒኔን የተራራው ዕለት ልተወው?

የካዛንቺሷ እህታችን ይህን የመከሯቸው ጓደኞቻቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ "ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨምቆ ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል" ይላሉ።

ተራራውን ለጊዜው ይርሱት። በዚህ ሳምንት የልብ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ጭምቀት የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። አርፈውም ካልለቀቀ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ "እስኪ ሰኞ ይድረስ" አይባልም። ኪኒኑን ከሐኪምዎ በቀር ማንም አያስቆምዎት፤ ጓደኛም፣ እኔም። ሲመረመሩ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች የከፍታ ሕመም አይነካንም አይደል?

ይነካናል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ። እዚህ መኖራችን ያግዘናል እንጂ ዋስትና አይሆነንም። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያድርጉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እዚያው ይቆዩ፤ ከባሰ ይውረዱ። ሲሄዱ መንገዳገድ ወይም ተቀምጠው ማለክለክ ከጀመሩ ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል።

የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፤ ምንድነው?

ቁልቁለት ላይ ከጫማው ጫፍ ጋር ተጋጭቶ ነው። ጥፍርዎን ይቁረጡ። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ በወፍራም ካልሲ ለክተው ይግዙ። የልጅዎን ጫማ መዋስም ይቅር።