መልስ፦ ማሾ ከመዝራቴ በፊት በማዳበሪያ ውሃ ልዘፍዝፈው?

ሰላም የድሬው ወንድሜ። ማሾህ ግማሹ እንዳልበቀለ፣ የበቀለውም ቀጭጮ እንደቀረ ጽፈህ፣ ዘሩን በማዳበሪያ ውሃ መዘፍዘፍ ይረዳ እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ፣ ይረዳል። ዩሪያን ግን እርሳው! ቡቃያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ዚንክ ሰልፌት ፈልግ፤ ዚንክ የሚባለው የተክል ምግብ ያለበት ማዳበሪያ ነው። ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 2 ግራም ገደማ ይበቃል። ኖራ የበዛበት አፈር ዚንኩን ይዞ ስለሚያስቀር ችግኙ ከጅምሩ ይራባል። ስትዘፈዝፈው ግን ስንቁን ይዞ ይወጣል።

ትልቁ ነገር የጊዜው ርዝመት ነው። 6 ሰዓት ያህል፣ ቢበዛ 8። እኔ ሐረር ማሽላ መሃል ቦሎቄ እዘራለሁ። አንድ ጊዜ ማታ ዘፍዝፌ እስከ ቀትር ረሳሁት። ውሃው አረፋ ደፍቆ ሸተተ፤ ቅርፊቱ በጣቴ ስነካው ተላጠ። ዘርቼው አንድም አልወጣ። በጣም ነው የቆጨኝ።

ካወጣኸው በኋላ ጥላ ላይ ጆንያ አንጥፈህ አስጣው። እጅህ ላይ መጣበቅ ሲተው የዚያኑ ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዝራው። ደረቅ አፈር ከገባ ነቅቶ ይሞታል። የራይዞቢየም ባክቴሪያ (ሥሩ ላይ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን የሚያቀርብለት ጠቃሚ ተህዋስ) ካለህ ዘሩን የምትለውስበት ልትዘራ ስትል ነው፤ ፀሐይ ይገድለዋል።

አደራ፣ የተረፈውን የተዘፈዘፈ ዘር ለሰውም ለፍየልም እንዳትሰጥ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን 20 ፍሬ ቆጥረህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልል። ከ5 ቀን በኋላ ከ10 በታች ከበቀለ ዘሩን ቀይር። የሞተን ዘር ዚንክ አያስነሳውም።