ካቴናህን አታስቆርጠው

ጥያቄው ስለ ካቴና፣ ማለትም የኋላ ጎማውን ስለሚያዞረው ሰንሰለት ነው፤ የመጣውም ሞተር ሳይክሉን ለሥራ በየቀኑ ከሚነዳ አንባቢ ነው። «ካቴናዬ በየሳምንቱ ይላላል» ይላል። «አጠብቀዋለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ይወጠራል፣ ጎማውን ትንሽ ሳዞረው ደግሞ ይረግባል። ስነሳ ቋ ቋ ይላል። ማጥበቂያው መጨረሻው ደርሷል። ሠራተኛው ሁለት አንጓ ቆርጠን እንቀጥለው፣ ገና ይሠራል አለኝ። ላስቆርጠው?»

አታስቆርጠው ወንድሜ። ያ ካቴና አልቋል።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ካቴና ረዘመ ስንል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ ማለት አይደለም። በየአንጓው ውስጥ ፒን አለ፣ ፒኑም በትንሽ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ሁለቱ ሲፋተጉ ይበላላሉ፣ እዚያ ጋ የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል። ካቴናው ከመቶ በላይ አንጓ ስላለው ያ ፀጉር ሲደመር የጣት ውፍረት ይሆናል፣ አንተ መላላት የምትለውም እሱን ነው። ሁለት አንጓ ስትቆርጥ ጠቅላላ ርዝመቱ ያጥራል እንጂ በፒንና በፒን መሀል ያለው ርቀት እንደተበላ ይቀራል። ስለዚህ ካቴናው በስፕሮኬቱ፣ ማለትም በሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት ላይ፣ ጥርሱ ሥር በደንብ አይቀመጥም፣ ወደ ጫፉ እየወጣ ጥርሱን ይበላዋል። አንድ ቦታ ወጥሮ ሌላ ቦታ የሚረግበውም አንጓዎቹ እኩል ስላልተበሉ ነው። ይህን ማጥበቂያ አያስተካክለውም።

እኔን ብቻ አትመን፣ ራስህ እየው። ሞተሩን አጥፋና ከኋላ ስፕሮኬት በስተጀርባ ተቀመጥ። ካቴናውን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ኋላ ሳበው። ደህና ካቴና አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ያንተ ግን ከጥርሱ ተነስቶ ግማሽ ጥርስ ያህል ካሳየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ጥርሶቹንም ተመልከት። አዲስ ጥርስ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ የተበላው ጫፉ ሾሎ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። የፊቱን ለማየት ሽፋኑን ፍታ፣ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለግህ ደግሞ ሜትር አምጣ። ካቴናው ላይ 428 የሚል ከተጻፈ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወጠር አድርገህ ከ1ኛው ፒን መሀል እስከ 21ኛው ፒን መሀል ለካ። አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ 259 ከደረሰ አብቅቶለታል። 520፣ 525 እና 530 ላይ አዲሱ 317.5 ነው፣ 321 አካባቢ ሲደርስ ቀይር። ሁለት ሦስት ቦታ ለካ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያታልልሃል።

ስትቀይር ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ስፕሮኬት። ሥራ ስጀምር አንድ ደንበኛ ካቴናውን ብቻ ቀይርልኝ ሲለኝ እሺ ብዬ ገጠምኩለት፣ ያ የተበላ ጥርስ አዲሱን ካቴና ሳይቆይ ጨረሰውና ሰውየው እንደገና ለመግዛት ተገደደ። ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ነጥዬ አልገጥምም።

አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት የፊቱን ስፕሮኬት ዳዶ አላላ። ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥልህ፣ ካቴናው እንዳለ አንተ ፍታው። ካቴናው ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ ነገር የለም። የታጠፈ ሮንዴላ ካለው መጀመሪያ አቅናው፣ ስትመልስ እንደገና እጠፈው። የጥርሶቹ ብዛት ስፕሮኬቱ ላይ ስለሚጻፍ ያንኑ ቁጥር ግዛ፣ የካቴናውንም አንጓ ቁጠር።

አሁን ትንሿ ክሊፕ። ማገናኛው አንጓ ላይ የምትገባው፣ አንድ ጫፏ ክፍት ሌላው ድፍን ነው። ድፍኑ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር፣ ማለትም ክሊፗ ላይኛው መስመር ላይ ስትሆን ድፍኑ ወደ ፊት ያያል። በተቃራኒው ከገባች አንድ ጠጠር ወይም ጭቃ ገፍቶ ያስወጣታል። ከዚያ ካቴናው እየነዳህ ይፈታል፣ ወይ የካምቢዮውን ሽፋን ይሰብራል፣ ወይ የኋላ ጎማውን ያስረዋል። ስለዚህ ከገጠምክ በኋላ በጥፍርህ ነካ አድርገህ ቦታዋን መያዟን እይ።

ልልነቱን ከታችኛው መስመር መሀል ላይ ለካ፣ በጣም በሚወጠርበት ቦታ አድርገህ። ትናንሽ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተን ትክክለኛ ልክ መመሪያው ላይ ወይም የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ታገኘዋለህ። እንደ ክራር አትወጥረው። ሰው ተጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ የሚገድለው ይህ ነው። የግራና የቀኙ ማጥበቂያ ምልክት እኩል ይሁን። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ መልሰህ ለካ፣ አዲስ ካቴና ትንሽ ይላላል።

ቅባቱን በየ500 ኪሎ ሜትሩና ዝናብ ከመታው በኋላ አድርግ። በላምባና በለስላሳ ብሩሽ እጠብ፣ በጨርቅ አድርቅ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ኦሪንግ (በየአንጓው ያለ ትንሽ የጎማ ቀለበት) ያለውን ካቴና ያበላሹታል። የካቴና ስፕሬይ ከሌለህ የ90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን አትቀባ፣ የብረት ብናኝ አለበት። ነድተህ ስትመለስ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ከውስጥ በኩል አንጠባጥብ፣ ትርፉን ጥረግና እስከ ጠዋት ተወው።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ሞተሩ ይጥፋ። ፎሌ አድርገህ (ማርሹን ነጻ ለቀህ) ጎማውን በእጅህ አዙር። ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ በጨርቅ ሲጠርግ ጣቱን ያጣ ሰው እጁን አይቻለሁ። ጨርቁ ይያዛል፣ እጅ ለመልቀቅ ጊዜ የለውም።

ሦስቱንም ቀይረህ ቋ ቋ የሚለው ካልጠፋ ከኋላ ስፕሮኬቱ ሥር ያሉትን ጎማ ትራሶች አውጥተህ እይ። እነሱ ከላሉ ስትነሳ የምትሰማው ያንኑ ድምፅ ነው።