ጥያቄው ወደየትኛው ረዳት ይሂድ? እኛ ከተሳሳትነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር። በስልክ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ፣ ተውኩት። አሁን ላፕቶፕ ላይ ነኝ። ያልሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮድ የሚጽፉ 4 የኤአይ ረዳቶች አሏችሁ፤ አንዱ ለፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው ለሚያየው ገጽ)፣ አንዱ ለባክኤንድ (ሰርቨሩ ላይ ለሚሠራው ኮድ)፣ አንዱ ለዳታቤዝ፣ አንዱ ለቴስት። የቡድናችሁ ሰው በአማርኛ ሲጽፍ ጥያቄው ወደማይመለከተው ረዳት ይሄዳል። መራጩን፣ ማለትም ጥያቄውን አይቶ ለየትኛው ረዳት እንደሚሄድ የሚወስነውን ሞዴል፣ በትልቅ ሞዴል ብንቀይረው ይሻላል ወይ?

እኔ ሞዴሉን ለጊዜው አትንኪው እላለሁ። እኛም መጀመሪያ የሮጥነው ወደዚያው ነበር። ክፍያው ጨመረ፣ ስህተቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የኛ ጣጣ ረዳቶቹን ለመራጩ ያስተዋወቅንበት ጽሑፍ ላይ ነበር።

ጎንደር መነኸሪያ ቆመሽ ታውቂ ይሆናል። ባሕር ዳር የሚሄደውም መተማ የሚሄደውም እስከ አዘዞ መንገዱ አንድ ነው። የሚለያየው እዚያ ሲደርስ ነው። ተሳፋሪው «በአዘዞ በኩል ነኝ» ቢል ተራ አስከባሪው ዝም ብሎ አይጭነውም። «ከዚያስ ወዴት?» ይለዋል። የኛ መራጭ ግን «አዘዞ» የሚል ከሰማ ፊቱ ያገኘው መኪና ላይ ይወረውር ነበር።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩልኝ።» የቱ ሰንጠረዥ? ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው ወይስ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው? ሁለቱንም በአማርኛ ሰንጠረዥ ነው የምንላቸው። ሰው እንኳ ሳይጠይቅ አይለየውም። እንዲህ ላለው ጥያቄ የመራጩ ትክክለኛ መልስ የረዳት ስም አይደለም፤ «ገጹ ላይ ነው ዳታቤዙ ላይ?» የሚል አንድ መስመር ነው። እኛ ለመራጩ «አላውቅም፣ ልጠይቅ» የሚል ምርጫ አልሰጠነውም ነበር። ምርጫ ከሌለው ይገምታል፣ ምን ያድርግ።

አሁን ያቃጠለንን ልንገርሽ። 5 ሰው ነን፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ይዘን ነው የምንሠራው። ለአንድ የጅምላ ነጋዴ የመጋዘን ሲስተም ሠርተናል። 2017 ሰኔ ላይ ነጋዴው ጋሼ «የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ቁጥር ላይ የሚወጣው ዓመት የፈረንጅ ነው፣ በኛ አድርጉልኝ» አሉ። ከኛ አንዱ ያሉትን እንዳለ ጻፈው። መራጩ «ደረሰኝ» እና «የሚወጣው» የሚሉትን አየና ለፍሮንትኤንዱ ረዳት ላከው። ይሄ ረዳት የሰርቨሩን ኮድ አያይም። እዚያ ቀን ከፈረንጅ ወደኛ የሚቀይር ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ድሮ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እሱ በምን ይወቀው? ያለችውን አደረገ፤ ከዓመቱ ላይ 8 ቀነሰ። 2025 ሲቀነስ 8፣ 2017። ልክ ነው! ሁላችንም አየነው፣ ጎሽ አልነው፣ ዘጋነው።

ልዩነቱ 8 የሚሆነው ግን ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እነሱ ዓመት እስኪቀይሩ ድረስ 7 ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ፣ በዓል ነው፣ መጋዘኑ ዝግ ነው። ቅዳሜ በገበያው ቀን በጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ እናንተ ዘንድ እንቁጣጣሽ አልገባም እንዴ?» ደረሰኙ ሁሉ 2017 እያለ ይወጣል። ሳቄ መጣ፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ሲያትሙት ያረፈዱትን በሙሉ በእጅ አረምን። ማስተካከያው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፈንክሽን መጥራት ብቻ ነበር። አንድ መስመር።

ያን ቀን ቁጭ ብለን የፍሮንትኤንዱን ረዳት መግለጫ አነበብነው። «የፍሮንትኤንድ ባለሙያ። ገጾችንና ደረሰኞችን ይሠራል» ይላል። መራጩ ምን አጠፋ? እንደተነገረው ነው ያደረገው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ስክሪንና ወረቀት ላይ የሚታየውን ቅርጽ፣ ቀለምና አቀማመጥ ይሠራል። የሚታየው ቁጥር፣ ቀን ወይም ስም ራሱ የተሳሳተ ከሆነ የእሱ ሥራ አይደለም፤ ወደ ባክኤንድ ይሂድ።» ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራውን የሠራችው። ረዳቱ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እንጽፋለን። ምን እንደማይሠራና ያ ሥራ የማን እንደሆነ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ክሎድ ኮድን (የአንትሮፒክን ኮድ ጸሐፊ ኤአይ) ከሞከርሽ ነገሩ ቶሎ ይገባሻል። እዚያ ንዑስ ኤጀንት (እኛ ረዳት የምንለው) ማለት አንድ የማርክዳውን፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ፣ ፋይል ነው። ከላይ ስምና መግለጫ አለው፣ ከሥር ረጅም መመሪያ። ዋናው ሞዴል ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን የሚያየው መግለጫውን ነው። ከሥር ያለው መመሪያ ለኤጀንቱ ለራሱ ነው። ስለዚህ መመሪያው ውስጥ ብዙ ተራቅቀሽ መግለጫዋን በሦስት ቃል ብትዘጊያት መራጩን አልረዳሽውም።

የአማርኛው ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። በቁልፍ ቃል እየለየሽ ከሆነ (እኛ አሁንም ለቀላሎቹ እንጠቀምበታለን፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ያድናል) መጀመሪያ ፊደሉን አንድ አድርጊው። አንዱ «ገጽ» ይላል፣ ሌላው «ገፅ»። አንዱ «ሰንጠረዥ»፣ ሌላው «ሠንጠረዥ»። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ መልሺያቸው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከዚያ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ አትበዪ፤ «ከዳታቤዙ»፣ «የዳታቤዛችን»፣ «ዳታ ቤዝ» ሁሉም ይመጣልሻል።

ግን አደራ፣ ይህ የተስተካከለው ጽሑፍ ለመራጩ ብቻ ይሁን። ለረዳቱ ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ላኪለት። እኛ የተስተካከለውን ልከን ረዳቱ ኮዱ ውስጥ «ሰንጠረዥ» እያለ ሲፈልግ ዋለ። ኮዱ ላይ የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነበር። «እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም» ብሎ አዲስ ገጽ ሠራልን።

ሌላው የሚረሳው ተከታይ ጥያቄ ነው። «እሱንም እንደዛ አድርገው» ብሎ ሰው ይጽፋል። ከዚህ ውስጥ ምኑን ይምረጥ? እኛ ያለፉትን 2 መልእክቶች አብረን ለመራጩ እንሰጣለን፤ አዲስ ጉዳይ ካልተነሳ እዚያው ረዳት ጋ ይቆያል። ሙሉ ወሬውን ግን አትስጪው። ዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ኮድ) ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ 1 ነው። አማርኛ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነብበትና ክፍያ የሚቆጠርበት ቁራጭ) ሲበላ የምታዪው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ረዳቱ ራሱ «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ እንዲመልስ መፍቀድ ጥሩ ነው፤ ደረሰኙን የሠራው ያኔ ይህ ቢፈቀድለት ኖሮ ምናልባት እንተርፍ ነበር። ገደብ አድርጊበት ብቻ። አንድ ሌሊት ባክኤንዱና ዳታቤዙ አንዲትን ጥያቄ ሲቀባበሉ አደሩ። ቢሮ ቁጥር 4 ሂድ፣ የለም ቢሮ ቁጥር 7 ነው፣ ታውቂው የለ። አሁን ሁለቴ ከተመለሰ ሰው ጋ ይመጣል።

ሁሉም ስህተት እኩል እንዳልሆነም አስቢ። የስክሪን ጥያቄ ለቴስቱ ረዳት ቢሄድ የምትከስሪው ጊዜ ነው። ዳታቤዝ ጋ በስህተት የሄደ ግን ዓምድ ሊያጠፋ ይችላል። የኛ የዳታቤዝ ረዳት ሰው «እሺ» እስኪለው ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው። መራጩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን አላነሳውም።

ስለ ሞዴሉ መጠን፦ መግለጫዎቹን ካጠራን በኋላ ወደ ትንሹ ሞዴል ተመለስን፤ ልዩነት አላየንበትም። ረዳቶቹንም ከ7 ወደ 3 አወረድናቸው። ለሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ ኮድ) ብቻ የቆመ ረዳት ሁሉ ነበረን እኮ፣ ምን አስበን እንደሆነ እንጃ። ያንቺ 4 አይበዛም። ጥያቄው ለባክኤንዱ ነው ለዳታቤዙ ብላችሁ እናንተው ራሳችሁ የምትከራከሩ ከሆነ ግን ሁለቱን አንድ አድርጊያቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የምታደርጊው አንድ ነገር፦ ቡድናችሁ በእውነት የጻፋቸውን 50 ወይም 60 ጥያቄዎች ሰብስቢ። ለየትኛው ረዳት መሄድ እንደነበረባቸው ከጎናቸው በእጅሽ ጻፊ። መግለጫ ወይም ሞዴል በነካሽ ቁጥር እነዚያኑ መልሰሽ አሂጂያቸው። እንደተጻፉ ይሁኑ፣ የፊደል ግድፈታቸውን አታርሚ።

የሰንጠረዡን ጥያቄ ግን ዛሬውኑ ሞክሪያትና ወዴት እንደላከው ጻፊልኝ። ሳይጠይቅሽ ከላከው የ4ቱንም መግለጫ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።